ዜማው የአስቴር ነው

ባለፈው ሰሞን ከጊንጪ ወደ አምቦ ስመለስ የሚኒባሱ ሾፌር ያን ዘፈን ከፈተው። አጠገቤ የተቀመጠችው ወጣት አብራ ማዜም ስትጀምር አላስቻለኝም፤ መንገድ መሀል «ወራጅ!» ብዬ ወረድኩ። የእኔ ዘመን ሰዎች ዘፈኑን ስትሰሙ ልጅነታችሁ ትዝ ይላችሁ ይሆናል። እኔ ግን ደሜ ይፈላል።

ዘፈኑ ሲወጣ፣ በደርግ ጊዜ፣ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበርኩ። ታላቅ እህቴ አስቴር የቀበሌያችን የኪነት ባንድ ዘፋኝ ነበረች። ዘፈኑን የሠራችው ሁሉቃ ወንዝ ዳር ልብስ ስናጥብ ነው። እየፈተገች ታንጎራጉራለች፤ አንድ ስንኝ ሲመጣላት «ያዢልኝ፣ እንዳይጠፋብኝ» ትለኛለች። እኔም ሳሙና የሚሸት እጄን እያራገፍኩ ደጋግሜ እይዝላታለሁ። ቤት ስንገባ ደብተሬ ጀርባ ላይ ትጽፈዋለች።

የባንዱ መሪ ጋሼ ደረጀ የሳይንስ አስተማሪዬ ነበር። ከአሜሪካ ደቡብ የመጣ የአንድ ሮክ ባንድ የመጀመሪያ አልበም ከየት እንዳገኘ እንጃ፤ ጊታር የተማረው ያን ካሴት ክሩ እስኪላላ እየሰማ ነው። የአስቴርን ዜማ በዚያ በሚያጉረመርም ጊታር አጅቦ በወጣቶች ማኅበር አዳራሽ ሲያስጫውተው ሕዝቡ ወንበር ላይ ወጣ። ሁለት ወር ሳይሞላ ከጉደር እስከ አዲስ ዓለም የማይዘፍነው አልነበረም።

የመጀመሪያ ካሴታቸውን ሊያስቀርጹ አዲስ አበባ ሲሄዱ ግን አስቴርን «መኪናው ሞልቷል፣ አንቺ በሚቀጥለው» አሏት። ቀሚሷን ተኩሳ ጨርሳ ነበር። ካሴቱ ሲወጣ አውቶቡስ ተራ ካለው ሱቅ በር ላይ ቆመን ሰማነው። የሌላ ሴት ድምፅ ነው። አስቴር ሽፋኑን ተቀብላ አነበበች፤ «ግጥምና ዜማ፦ ደረጀ» ይላል። እጄን ይዛ እየጎተተች ወደ ልምምድ ክፍላቸው ወሰደችኝ። ደረጀና የባንዱ አምስት ተጫዋቾች እዚያው ነበሩ።

«ዘፈኔን ለምን ወሰድክ?» አለችው።

ጊታሩን ከትከሻው እንኳ አላወረደም። «ጓድ አስቴር፣ ዘፈን የሕዝብ ነው። ‹የእኔ› ማለት የንዑስ ከበርቴ አስተሳሰብ ነው።»

«የሕዝብ ከሆነ ያንተ ስም ምን ሊሠራ ተጻፈ?»

ፊቱ ተለዋወጠ። «ስትደርሺው ማን አየሽ?»

«እሷ!» አለች ወደ እኔ እየጠቆመች።

ክፍል ውስጥ አርጩሜ ይዞ እንደሚያየኝ አየኝ። «አንቺ፣ የምታውቂው ነገር አለ?»

ስንኞቹ በሙሉ ምላሴ ላይ ነበሩ። «አላውቅም፣ ቲቸር» አልኩ።

አስቴር ከዚያ ወዲያ አልዘፈነችም። ግብርና ቢሮ ታይፒስት ሆና ገባች፤ በዚያው ጡረታ ወጣች። ደረጀ ዛሬ «አንጋፋው» ይባላል። በቅርቡ ሬዲዮ ላይ ዜማው እንዴት እንደመጣለት ሲጠይቁት፣ ሁሉቃ ዳር ብቻውን ተቀምጦ እያለ እንደሆነ አወራ። ወንዙን እንኳ አልተወላትም!

ያን እንደሰማሁ እህቴ ቤት ሄድኩና ስንት ዓመት የያዝኩትን «ይቅር በይኝ» አወጣሁት። ምስር እየለቀመች ነበር።

«አንቺማ ልጅ ነበርሽ» አለችኝ፣ ቀና ሳትል። «እነዚያ አምስት ጎልማሶች ግን ዜማውን ያጠኑት ከእኔ አፍ ነው። አንዱ እንኳ ትንፍሽ አላለም።»

ከአምስቱ ሁለቱ ሞተዋል። ሦስቱ እዚሁ አምቦ አሉ። ድሮ ገበያ መንገድ ላይ «አከም ጅርቱ» ብለው ሰላም ሲሉኝ፣ ታላቆቼ ናቸው ብዬ ጎንበስ እያልኩ እመልስ ነበር። አሁን ዓይን ዓይናቸውን እያየሁ፣ መልስ ሳልሰጥ አልፋለሁ።