አንገቱ የተሰበረ ሻሚሴን

በእኛ ቤት ዕቃ የሚገዛ ሰው ታላቅ እህቴን ይዞ ይሄዳል። አዲስ አበባ ጨርቅ ስትነግድ የኖረች ሴት ናት፤ እዚህ ውጭ አገር መጥታ ሞንትቤሎ በሚባል ሰፈር ቤት ይዛ ከተቀመጠች በኋላም ያገለገለ መኪና የሚገዛ ዘመድ ሁሉ መጀመሪያ የሚደውለው ለእሷ ነው። ሙያዋ ማጣጣል ነው። ዕቃው የቱንም ያህል ቢያምር ፊቷን ታጨማድዳለች፣ ያልነበረ እንከን ታወጣለታለች፣ ሻጩ ይምላል ይገዘታል፣ መጨረሻ ላይ መሐል መንገድ ይገናኛሉ። ሁለቱም እንደሚያጋንኑ ሁለቱም ያውቃሉ። እኔ ደግሞ ይህን ዓለም ሁሉ የሚያውቀው ጨዋታ አድርጌ ነበር የማስበው።

በዚህ ዕድሜዬ ሻሚሴን ልማር ብዬ ተነሣሁ። ሻሚሴን የጃፓኖች ባለ ሦስት ክር መሣሪያ ነው፤ አንገቱ ረጅም፣ ሆዱ ላይ እንደ ማሲንቆ ቆዳ የተወጠረበት። ኤርፖርት ታክሲዬ ውስጥ ተሳፋሪ ስጠብቅ ስልኬ ላይ ሰምቼው ልቤ ተሰረቀ። ክራር እንኳ መቃኘት ስለማልችል ለጓደኞቼ ትንፍሽ አላልኩም፤ መሳቂያ መሆኔን አውቀዋለሁ። ኦንላይን ስፈልግ ካፒቶል ሂል ሰፈር የሚኖሩ አንዲት አሮጊት ያገለገለ ሻሚሴን ለሽያጭ አውጥተው አገኘሁ። ከፎቶው ሥር የጻፉት የሟች ባለቤታቸው መሆኑንና እሳቸው መጫወት እንደማይችሉ ብቻ ነበር። ዋጋው የሚያስጨንቅ አልነበረም። ቢሆንም ብቻዬን መሄድ ሞኝነት መስሎ ታየኝና ለእህቴ ደወልኩላት።

ሴትዮዋ በደስታ አስገቡን። መሣሪያውን ከተጠቀለለበት ጨርቅ አውጥተው ሕፃን እንደሚያስታቅፉ በሁለት እጃቸው ሰጡን። እህቴ ተቀብላ ገለበጠችው። እንግሊዝኛ አያቅታትም፤ ማጣጣል ግን የሚሆንላት በአማርኛ ነው። ስለዚህ እሷ ትናገራለች፣ እኔ እተረጉማለሁ። ክሩ ለምን ሦስት ብቻ ሆነ ብለህ ጠይቃቸው አለችኝ፤ ያን እንኳ ስለማውቅ ዘለልኩት። ቀጥላ ጣቷን አንገቱ ላይ አሳለፈችና እንጨቱን አቋርጦ የሚሄድ ቀጭን መስመር ላይ ቆመች። ዝቅ ብሎም ሌላ አለ።

«ተሰብሮ ነው ያጣበቁት። አይታይህም እንዴ? ኮንዲሽኑ ጥሩ አይደለም በላቸው።»

መስመሩን አየሁት፤ ምን እንደሆነ ግን አላውቅም። ሆኖም አንገቱ ሁለት ቦታ ተሰብሮ የተጠገነ ነው ብዬ፣ ከራሴም ያዘነ ፊት ጨምሬ፣ ተረጎምኩላቸው። ከዚያ እንዲከራከሩኝ ጠበቅኩ።

አልተከራከሩም። መነጽራቸውን አድርገው መስመሩን ረጅም ጊዜ አዩት። ባለቤታቸው ስለ ስብራቱ አንድም ቀን አንሥተው እንደማያውቁ፣ ምናልባት የሸጠላቸው ሰው አታልሏቸው ይሆናል ብለው በዝግታ ተናገሩ። ይቅርታ ጠየቁን። ለተሰበረ ዕቃ ገንዘብ አልቀበልም ብለው በግድ አሸከሙኝ። መኪና ውስጥ እህቴ እንኳ ደስ አላላትም፤ ሰው እንዴት ለዕቃው አይከራከርም እያለች ነዳች። እኔ መሣሪያውን ታቅፌ ኦሮራ ያለው ቤቴ ገባሁ።

ጥቂት ሳምንታት ቆይቼ ለጀማሪዎች የተዘጋጀ ቪዲዮ ከፈትኩ። አስተማሪው ክሩን አላልቶ አንገቱን ቀስ አድርጎ ሳበውና ሦስት ቦታ ለያይቶ ጠረጴዛ ላይ ደረደረው። ይዞ ለመጓዝ እንዲመች፣ ሲሠራ ጀምሮ እንዲህ የሚነቀል ነው አለ። የእኔንም ሳብኩት። ልክ መስመሮቹ ላይ ተነቀለ፤ ሙጫ የሚባል ነገር አልነካውም። ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። ባላቸው የሞተባቸውን ሴት፣ ባልዎ ዕድሜ ልኩን የተሰበረ ነገር ይዞ ኖረ ብዬ መጣሁ። እህቴ ላይ እንዳላላክክ፣ በእንግሊዝኛ የተናገርኩት እኔ ነኝ።

በማግሥቱ መሣሪያውን ይዤ ሄድኩ። ሴትዮዋ በሩን ሲከፍቱ ጭራሽ ደስ አላቸው፤ አፌን ሳልከፍት ወሬያቸውን ጀመሩ። ባለቤታቸው ሌሎች ሁለት ሻሚሴኖች ነበሯቸው፤ ለእኔ ይሆኑኛል ብለው ከቁምሳጥን አውጥተዋቸው ነበር።

«እነሱም እዚያው ቦታ ላይ ተሰብረዋል» አሉኝ። «እንዲህ ያለ ነገር ለሰው መስጠት አሳፈረኝና ያን ሰሞን ቆሻሻ ውስጥ ጣልኳቸው።»

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይባላል። እግሬ ወደ ደረጃው ሊመልሰኝ ሲል እንደምንም ቆምኩና ነገርኳቸው፤ አሠራሩ እንዲያ መሆኑን፣ አንዱም እንዳልተሰበረ፣ እኛ ዋጋ ለማስቀነስ ያወራነው መሆኑን። አንገቱን ነቅዬ፣ መልሼ ገጥሜ አሳየኋቸው። ይቆጡኛል ብዬ ነበር፤ ቢቆጡኝ በቀለለኝ።

መስመሩን በጣታቸው ዳሰሱት።

«እንግዲያው ባለቤቴን ማንም አላታለለውም» አሉ።

ዓይናቸው እንባ ሞላ። ከዚያ ክንዴን ያዝ አድርገው አመሰገኑኝ።