«ልጄ ናት» ተብሎ የተሰረዘ ካርድ

መጀመሪያ ያመመኝ ልብስ ስተኩስ ነው። ከቀኝ ጎኔ ተነሥቶ ወደ ብሽሽቴ የሚወርድ ውጋት ነበር። ካውያውን አስቀምጬ ግድግዳ ያዝኩ። ሲተወኝ ሥራዬን ቀጠልኩ። ሰንበት ብሎ ሽንቴ ቀላ። የት እንደሚያመኝ መናገር አፍሬ ለማንም ሳልነግር ቆየሁ።

ካርቱም ውስጥ፣ አል-ጣኢፍ በሚባል ሰፈር፣ ባላቸው የሞተባቸው አንዲት ሐጃ ቤት ነበር የምሠራው። በጡረታ የወጡ መምህርት ስለሆኑ የጤና መድን አላቸው፤ እዚያ ታእሚን ይሉታል። ሐጃ ከወሎ ከመጣሁ ጀምሮ የሚጠሩኝ «ቢቲ» እያሉ ነው፤ ልጄ ማለታቸው ነው። ከአንድ ትሪ አብሬያቸው እበላለሁ። የታእሚን ካርድም ያወጡልኝ እንደ ልጅ አስመዝግበው ነው። ያኔ የሚጠይቅ ስላልነበረ ብዙ ቤት እንዲህ ይደረግ ነበር።

የአገሬ ልጅ ዘይነባ ከማዶ ያለው ቤት ትሠራለች። እመቤቷ የምትጠራት «ሸጋላ» እያለች ነው፤ ሠራተኛ ማለት ነው። ምሳዋን ኩሽና ውስጥ ቆማ ትበላለች። ዓርብ ዓርብ፣ ሐበሻ በሚበዛበት ሰፈር፣ ዴም፣ ስንገናኝ፣ «አንቺማ ተወልደሽባቸዋል፤ ውርሱም አይቀርብሽ» ትለኛለች። ስትቀናብኝ ደስ ይለኝ ነበር።

ውጋቱ ሲብስብኝ ሐጃ ሐኪም ቤት ወሰዱኝ። አልትራሳውንድ ተነሣሁ።

«ጠጠር ነው» አለኝ ሐኪሙ። «የሽንት ቱቦውን ዘግቶታል። ኩላሊትሽ አብጧል። ቶሎ ካልወጣ ኩላሊቱን ታጪዋለሽ።»

ከእሱ ወጥተን ወደ ታእሚኑ መስኮት ሄድን። ካርዴ ተሰርዟል። ሕጉ ተለውጦ ነበር። በአዲሱ ደንብ በአንድ ሰው መድን የሚታከሙት የትዳር ጓደኛ፣ ወላጅና የአብራክ ልጅ ብቻ ናቸው። የቤት ሠራተኛ በሥራ ውል ለብቻዋ ትመዘገባለች። እኔ አልወለዱኝም፤ በሠራተኝነትም አልተመዘገብኩም። ያለ መድን ደግሞ ቀዶ ሕክምናው የማይታሰብ ነበር።

የዘይነባ ካርድ ግን ይሠራል። እመቤቷ ከመጀመሪያው በውል አስመዝግባታለች። በዚያው ሰሞን ጥርሷን በካርዷ አስነቅላ፣ ጉንጯ እንዳበጠ፣ ልትጠይቀኝ መጣች። እኔ ተኝቻለሁ። ለጥርስ የተገኘው ለኩላሊት ጠፋ። ቅናት አንጀቴን አሳረረው። ፊቷን ማየት አቃተኝ።

«በእኔ ካርድ ግቢ» አለችኝ። «ለእነሱ ሐበሻ ሁሉ አንድ ነው፤ ሻርፕሽን ሸፈን ካደረግሽ ማን ይለይሻል?»

እምቢ አልኳት። ሐቀኛ ስለሆንኩ አይደለም። በእሷ ስም መዳን ሞት መስሎ ታየኝ።

ሐጃ ወደ ታእሚን ቢሮ ይዘውኝ ሄዱ። የቢሮው ሰውዬ ትዕግሥተኛ ነበር። ሠራተኛዬ ናት ብለው ውል ከፈረሙ፣ የመኖሪያ ፈቃዷ፣ ኢቃማዋም፣ የታደሰ ስለሆነ፣ ዛሬውኑ እመዘግባታለሁ አላቸው። ሐጃ ተቆጡ።

«ከእጄ የምትጎርስ ልጅ ናት» አሉ። «እኔ ቤት ሸጋላ የለም።»

ሰውዬው ደንቡን ያነሣል፤ እሳቸው ክብራቸውን። በመሐሉ ውጋቴ ተነሣ። ላብ አጠመቀኝ። ሰው ፊት ተናግሬ አላውቅም።

«እኔ ሸጋላ ነኝ» አልኩ በዐረብኛ። «ቤት አጸዳለሁ። ልብስ አጥባለሁ። ደመወዝ ይከፍሉኛል።»

ሐጃ ወደ እኔ አልዞሩም። ፈረሙ።

ጠጠሩ በቀዶ ሕክምና ወጣ። ሽንት የሚያወጣ ቀጭን ቱቦ፣ ካቴተር፣ ገባልኝ። ትኩሳት መጣ። ሄደ። ኩላሊቴ ተረፈ።

ወደ ቤት ከተመለስኩ በኋላ ሐኪሙ እንዳዘዘኝ ቀኑን ሙሉ ውሃ እየጠጣሁ፣ በመጀመሪያ ከአልጋ እስከ በር፣ ከዚያ ግቢው ውስጥ ካለው የኒም ዛፍ ጥላ ድረስ እየተራመድኩ ቀስ በቀስ ጉልበት አገኘሁ። ዘይነባ የዓርብ ዕረፍቷን ትታ እየመጣች የእኔን ሥራ ትሠራልኝ ነበር፤ ምሳ ሲቀርብ ሐጃ «ያላ፣ ነይ ቢቲ» ብለው ከጎናቸው ያስቀምጧታል። እኔን ከዚያ ቢሮ ከወጣን ወዲህ ሰዓዳ ብለው በስሜ ነው የሚጠሩኝ። መድኃኒቴን አያስረሱኝም፤ ሾርባዬን ራሳቸው ይሠሩልኛል፤ ነገር ግን የሁለቱን ሳቅ ከአልጋዬ ላይ ሆኜ ስሰማ ከተሰፋው ጎኔ ይልቅ ሌላ ነገር ያመኛል።

አልሐምዱሊላህ፣ ድኛለሁ። ሐኪሙን፣ ፊርማቸውን ያልነፈጉኝን ሐጃን፣ ዕረፍቷን የሰጠችኝን ዘይነባን አመሰግናለሁ። ብቀናም አመሰግናታለሁ።

ሰው ቤት የምትሠሩ እህቶቼ፣ ጤነኛ ሳላችሁ ምን ተብላችሁ እንደተመዘገባችሁ ጠይቁ። ዐረብኛ ማንበብ ካልቻላችሁ የሚያነብ ፈልጉ። የሰው ካርድ አትዋሱ፤ ሐኪሙ የሌላ ሰው ደም ዓይነትና የሌላ ሰው ሕመም እያየ ነው የሚያክማችሁ። ሽንታችሁ ከቀላ በዚያው ቀን ተናገሩ። ልጄ የሚላችሁ ሰው ካገኛችሁ ውደዱት፤ ቢሮ ስትሄዱ ግን ሠራተኛ መሆናችሁን አስጽፉ። ምናልባት ይቀየማችሁ ይሆናል። እኔን ሐጃ ተቀይመውኛል፤ ቦታዬንም ዘይነባ ይዛዋለች፤ ዛሬም ያቃጥለኛል። ግን የምቀናው ሁለት ኩላሊት ይዤ ነው።