የጥዱ የታችኛው ቅርንጫፍ

ፀጉር አስተካካዩ ቅዳሜ ከሰዓት ቤቱን ይዘጋል። ለፀጉር ቤት ቅዳሜ ዋናው የሥራ ቀን ነው፤ ደንበኞቹ ይህ ሰው ለይቶለታል ይላሉ። እሱ ግን ነጭ ጋዋኑን ይሰቅልና ጥዱን በካርቶን ታቅፎ ከቤተ መጻሕፍቱ ጀርባ ወዳለው ክፍል ይሄዳል።

የቦንሳይ ክበቡ የሚሰበሰበው እዚያ ነው። አባላቱ ጫካ ቢተዉት ጣራ የሚያልፍ ዛፍ በዝርግ ሸክላ ተክለው፣ ሥሩን እየከረከሙ፣ ቅርንጫፉን በሽቦ እየጠመዘዙ፣ በክንድ ቁመት የሚያስቀሩ ሰዎች ናቸው። አብዛኞቹ ጡረታ ወጥተዋል። አንዲት የጥርስ ሐኪም አለች፤ አፈር የምትፍቀው በአሮጌ የጥርስ መሣሪያዋ ነው። ሊቀመንበሩ መንገድ ቀያሽ ነበሩ። ዛሬም ዛፍ የሚያዩት ጎንበስ ብለው፣ አንድ ዓይናቸውን ጨፍነው ነው።

የፀጉር አስተካካዩ ጥድ በአንድ ነገር ይታማ ነበር። ሌሎቹ ቅርንጫፎች ደረጃ ሠርተው ወደ ጎን ተዘርግተዋል። የታችኛው የቀኝ ቅርንጫፍ ግን እንደ ደከመው ሰው ክንድ ተንጠልጥሎ፣ ሸክላውን አልፎ ጠረጴዛውን ይነካል።

«የሰው ራስ ስትላጭ ትውላለህ፤ ይቺን ጭራሮ ፈራህ?» ይሉታል ሊቀመንበሩ።

«ጋሼ፣ እኔ ደንበኛው ካላዘዘኝ አልቆርጥም።»

«ደንበኛው ማነው ደግሞ?»

«ዛፉ ነዋ!» ትላለች የጥርስ ሐኪሟ። «አፍ ቢኖረው እኮ ገላግሉኝ ይል ነበር።»

አብሯቸው ይስቃል። እውነቱን ነግሯቸው አያውቅም።

ባለቤቱ ዛፉን አትወደውም ነበር። «ውሃ እየጠጣ የማያድግ ነገር» ትለዋለች። በረንዳቸው ላይ ፀሐይ የሚያርፍበት አንድ ጥግ ብቻ ነው ያለው፤ እሱ የልብስ ገመዷን ከዚያ ፈትቶ ጥዱን አስቀመጠ። እሷም ያጠበችውን ካልሲ የታችኛው ቅርንጫፍ ላይ ታሰጣ ጀመር።

«ኧረ አንቺ ሴት፣ ይሰበራል!»

«ይሥራ እንጂ! ቁጭ ብሎ መብላት አለ እንዴ?»

እሱ ያነሣዋል፣ እሷ ትመልሰዋለች። በዚህ ሲነታረኩ ዓመታት አለፉ። ቅርንጫፉ ከእርጥቡ ካልሲ ሥር እየጎበጠ፣ በዚያው ጠነከረ። የቀሩትን እሱ በሽቦ ነው የሠራቸው። ያቺን የሠራቻት እሷ ናት። ስትሞት ልብሷን እህቷ ሰብስባ ወሰደች። ፎቶ መነሣት አትወድም ነበር። በቤቱ ውስጥ የእሷ እጅ ያረፈበት ሌላ ነገር አልቀረም።

ከክበቡ ዓመታዊ የዛፍ ትዕይንትና ውድድር በፊት ባለው ወር የሐሞት ጠጠር ሆስፒታል አስገባው። የክበቡ ደንብ የታወቀ ነው፤ የታመመ አባል ዛፍ ጤነኛ አባል ቤት ይሄዳል፣ ጉድለቱ ታርሞ፣ ለትዕይንት ተዘጋጅቶ ይመለሳል። ሌላ ሰው በሽተኛ ሲጠይቅ ብርቱካን ይዞ ይመጣል፤ እነዚህ መቁረጫ ያነሣሉ። ይህን አሳምሮ ያውቃል፤ እሱም በተራው የሌሎችን ከርክሟል። የቤቱን ቁልፍ ለሊቀመንበሩ ሲሰጥ አንድ ቃል ሊናገር ይችል ነበር። አፈረ። በዚህ ዕድሜ ስለ ካልሲ ምን ተብሎ ይወራል?

ከሆስፒታል እንደወጣ በቀጥታ ትዕይንቱ ወዳለበት አዳራሽ ሄደ። ጥዱ መሐል ጠረጴዛ ላይ ነበር። የታችኛው ቅርንጫፍ የለም። በቦታው ሳንቲም የምታህል ቁስል አለች፤ ቡናማ የማሸጊያ ቅባት ተቀብታለች።

ሊቀመንበሩ ትከሻውን አቀፉት። «እንኳን ማረህ! አየኸው? አንተ አንጀትህ ስላልቻለ እኔ ጨከንኩልህ።»

«ቅርንጫፉስ?»

«የቱ?»

«የቆረጡት።»

«ቆሻሻ ውስጥ ነዋ። ምነው፣ ልትቀብረው ነው?»

የሚያናድደው የሰውዬው ትክክል መሆን ነው። ዛፉ አምሮበታል። ግንዱ ተገልጦ፣ ኩሩ ሆኖ ቆሟል። ዳኞቹ ብዙም ሳይከራከሩ አንደኛ አደረጉት። በየዓመቱ ከኋላ ቆሞ ለሌሎች ሲያጨበጭብ የኖረ ሰው ዛሬ ተጨበጨበለት። ማይክሮፎኑን እጁ ላይ አኖሩት።

«ወንድሜ፣ ስለ ዛፍህ አንድ ነገር በለን እንጂ» አለች የጥርስ ሐኪሟ።

የተሰፋ ሆዱን በአንድ እጁ ደግፎ ቆመ። ጉሮሮውን ጠረገ።

«አንድ ቅርንጫፍ ነበረው» አለ። «ባለቤቴ ካልሲ የምታሰጣበት።»

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። «እውነቴን ነው፤ የጎበጠው በካልሲ ነው» ሲል ባሰባቸው። አንዱ ዳኛ ወረቀቱን ፊቱ ላይ አድርጎ ይንከተከታል። ሊቀመንበሩ ዕንባቸውን በመሐረብ እየጠረጉ፣ «አንተ ሰው! ይሄን ሁሉ ዘመን እንዲህ ያለ ቀልድ ደብቀህብን ኖረሃል?» አሉት።

ሳቁ እስኪያልፍ ቆመ። ከዚያ አመስግኖ ዋንጫውን ተቀበለ።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ቤቱን ዘግቶ ወደ ክበቡ ሄደ። ሌላ የት ይሂድ? በሩን ገፋ ሲያደርግ ሊቀመንበሩ ከውስጥ ጮኹ፦

«ካልሲ መጣ! ወንበር ስጡት!»

ስሙ ሆኖ ቀረ። አዲስ የሚመጡ አባላትም ምክንያቱን ሳይጠይቁ እንዲሁ ይጠሩታል። አቤት ይላል።