በሩ ከውስጥ የሚዘጋው ክፍል

የካቲት 26 ቀን 1974 ዓ.ም.፣ ዓርብ ዕለት፣ አባይነሽ ከሥራ ስትወጣ የማጥቢያ ክፍሉን መስኮት ከውጭ እንዳያሳይ ቀብታ አልጨረሰችም ነበር። ከአራቱ መስታወቶች ሦስቱ ነጭ ሆነዋል፤ አራተኛው እንዳለ ነው። ብሩሹን ጋዝ ባለበት ጣሳ ውስጥ ነክራ፣ «ሰኞ እጨርሰዋለሁ» ብላ ሄደች። ቅዳሜ ንጋት ላይ ዶሮ ማነቂያ ባለችው ቤቷ ሞተች። ጎረቤቱ መጀመሪያ የጠየቀው «ማን ወሰዳት?» ብሎ ነው። ማንም አልወሰዳትም። የቆየ የደም ግፊት ነበረባት፤ የሞተችውም በገዛ አልጋዋ ላይ ነው። በዚያን ዘመን ግን ሰው በአልጋው ሞተ ሲባል ቶሎ የሚያምን ጥቂት ነበር።

አባይነሽ ከፒያሳ ጀርባ በሚገኝ የልብስ ስፌት ቤት ጨርቅ ቆራጭ ነበረች። ቤቱ ድሮ የአንድ አርመን ነበር፤ ከተወረሰ በኋላ የተማሪዎች የደንብ ልብስ ይሰፋበት ጀመር። ባሏ ሌላ አግብቶ ጅማ ከወረደ ዓመታት አልፈዋል። ወልዳም አታውቅም። የሴቶች ማኅበር በየመሥሪያ ቤቱ ሲቋቋም ሊቀ መንበር ያደረጓትም በዚሁ ምክንያት ነው። ስብሰባ የሚበዛበትን ሹመት፣ ቤት ባልና ልጅ ለሚጠብቋት ሴት ማን ይሰጣል?

የማጥቢያ ክፍሉ ነገር የተጀመረው በክረምት ነው። አይናዲስ የምትባል ልጅ እግር ሰፊ የመጀመሪያ ልጇን ወልዳ ወደ ሥራ ተመልሳለች። አማቷ እማማ የሺዓለም በምሳ ሰዓት ሕፃኗን አዝለው ይመጣሉ፤ አይናዲስም ከዘበኛው ቤት ጥግ ቁጢጥ ብላ፣ ነጠላ ጣል አድርጋ ታጠባለች። ሌሎቹም እናቶች እንደዚያው ናቸው። አንድ ቀን ዝናቡ በጎን እየገረፋት ስታጠባ፣ በዚያ የሚያልፉ ሁለት የሰፈር ጎረምሶች ቆሙ።

«እህት፣ ይኼ በቀበሌ ካርድ ነው ወይስ በነፃ ገበያ?» አላት አንደኛው።

አባይነሽ የጨርቅ መቀሷን እንደያዘች ከግቢው ብቅ አለች። «ና ወዲህ! ካርድህን ቆረጥ ላርግልህ!»

ጎረምሶቹ እየሳቁ ሸሹ። አባይነሽ ግን አልሳቀችም። የሕፃኗን ሳል እየሰማች ቆየችና በቀጥታ ወደ ጓድ ካሣሁን ቢሮ ሄደች። ካሣሁን የውይይት ክበቡ ሰብሳቢ ነው፤ ሥራ አስኪያጁ እንኳ ያለ እሱ ፈቃድ ወንበር አያንቀሳቅስም።

«ክፍል ይገኛል» አላት። «የክር መጋዘኑ ባዶ ነው። በሩ ግን ለምንድን ነው ከውስጥ የሚዘጋው?»

«ጡት ሊወጣበት ነዋ!»

«ጓድ አባይነሽ፣ እኔ ስለ ጡት አልጠየቅሁሽም። አምስት ስድስት ሰው በር ዘግቶ የሚቀመጥበት ቦታ በዚህ ግቢ የለም። የኔም ቢሮ አይዘጋም።»

«ሽንት ቤቱስ?»

«ሽንት ቤት የሚገባው አንድ ሰው ነው።»

ሲሟገቱ ቆይተው በመጨረሻ ተስማሙ። በሩ ይዘጋል፤ ነገር ግን አባይነሽ በኃላፊነት ከውስጥ ትቀመጣለች። ይህን ስትሰማ ደስ አላት። ስህተቷም እዚያ ላይ ነበር።

መጋዘኑን አጥባ፣ ሰሌን አንጥፋ፣ አግዳሚ ወንበርና ሳፋ አስገብታ፣ መጋረጃ ሰቅላ ስታበቃ፣ እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ እናቶቹን ጠበቀች። አንዷ መጣች፤ በሩ ላይ ሆና አየቻትና «ለካ ተኝቷል» ብላ ተመለሰች። ሌላዋ «ጠግቧል» አለች። አይናዲስ ደጃፉ ድረስ መጥታ ቆመች፤ የክፍሉን ጥጋጥግ ተመለከተች፣ አባይነሽን ተመለከተች፣ ከዚያም ተመልሳ ሄደች። አባይነሽ በመስኮቱ ስታይ ሁሉም ከዘበኛው ቤት ጥግ ተመልሰው ቁጢጥ ብለዋል። በማግስቱም እንዲሁ ሆነ፤ በሳምንቱም እንዲሁ። ካሣሁን ይሆን ያደመባት? ወይስ ሴቶቹ ራሳቸው?

እንቆቅልሹን የፈታላት ዘበኛው ጋሽ መድኃኔ ነው። «አንቺ አባይነሽ፣ አትቀየሚኝ። ግማሾቹ የፈሩት ዓይንሽን ነው፤ ግማሾቹ ጆሮሽን።»

«ዓይኔ ደግሞ ምን ሆነ?»

«ያልወለደች ሴት የሚጠባ ልጅ ላይ ዓይኗን ስትተክል ወተቱ ይነጥፋል ይላሉ። ከእናቶቹ እነ ዓለምጸሃይ ናቸው ያሉት፤ እኔ የለሁበትም።»

«ጆሮዬስ?»

ጋሽ መድኃኔ አገጩን ወደ ካሣሁን ቢሮ ቀሰረ።

ያን ቀን ከሰዓት አባይነሽ በዕድሜዋ አድርጋው የማታውቀውን አደረገች። ለአንድ ሸሚዝ ሁለት የግራ እጅጌ ቆረጠች። ጨርቁን አገላብጣ አየችውና መቀሷን አስቀመጠች። በማግስቱ በርጩማዋን ከክፍሉ አውጥታ ኮሪደሩ ላይ አኖረች፤ ጀርባዋን ለበሩ ሰጥታም ተቀመጠች።

«ግቡ» አለቻቸው። «እኔ አላይም።»

«ከተጠየቅሽስ?» አለቻት ዓለምጸሃይ በጥርጣሬ።

«የምጠየቀው እኔ ነኝ፤ አንቺ ምን ቸገረሽ?»

እናቶቹ እርስ በርስ ተያዩ፤ ከዚያ አንድ በአንድ ገቡ። መቀርቀሪያው ከውስጥ ቀጭ አለ። አባይነሽ ለማታየው ክፍል ዋስ ሆነች።

ካሣሁን አላመነም። በየሳምንቱ ያስጠራታል።

«ምን ተወራ?»

«ስለ ሆድ ቁርጠት።»

«ሌላስ?»

«ስለ ጥርስ።»

«ልብ አርጊ፤ ከዚያ ክፍል አንድ ነገር ቢወጣ መጀመሪያ የምትያዢው አንቺ ነሽ።»

አባይነሽም ሴቶቹን አላመነቻቸውም ነበር። አይናዲስ ጴንጤ ናት ይባላል። የሚጸልዩበት ቤት በመንግሥት ታሽጓል፤ ወንድሟም ቤት ውስጥ ሰብስቦ ሲያስጸልይ ተይዞ ታስሯል። በጥር ወር አንድ እኩለ ቀን፣ አባይነሽ በበርጩማዋ ላይ እንዳለች በሩ ጀርባዋ ላይ ሲያንሾካሹክ ተሰማት። የአንድ ሰው ድምፅ አይደለም። በአንድ ላይ ከፍ ይላል፣ በአንድ ላይ ዝቅ ይላል። በመካከሉ አንዷ ታለቅሳለች። ከዚያ ሁሉም በአንድ ቃል «አሜን» አሉ።

ደሟ ፈላ። እሷ ማለዳ ማለዳ የጊዮርጊስን ደጅ ስማ የምትውል ሴት ናት፤ ጴንጤ አትወድም። ክፍሉን የፈለጉት ለዚህ ኖሯል? ያ ሁሉ ዝናብ፣ ያ ሁሉ ሳል፣ እሷን ሽፋን ለማድረግ ነበር? ተነሥታ በሩን ልትደበድብ እጇን ስታነሣ፣ ካሣሁን ከኮሪደሩ ጫፍ ብቅ አለ።

እጇ ባለበት ቀረ።

«ጓድ ካሣሁን!» አለች ድምፅዋን ከፍ አድርጋ። «ካኪው መቼ ነው የሚመጣልን? ጠረጴዛው ባዶ ሆነ እኮ!»

ውስጡ ጸጥ አለ። ካሣሁን ሳይመልስላት ጆሮውን በሩ ላይ ለጠፈ። «ምንድን ነው የሰማሁት?»

«ልጅ እያስተኙ ነው።»

«ይህን ሁሉ ሆነው?»

«ልጆቹም ይህን ሁሉ ናቸው።»

«ክፈቺው።»

«ጡታቸውን አውጥተው ተቀምጠዋል። ሚስትህ ከውስጥ ብትሆን ታስከፍት ነበር?»

በዚህ መካከል አንዱ ሕፃን ቤቱን በጩኸት አናጋው። ካሣሁን ፊቱ ቀላ፤ ሸሚዙን አስተካከለ። «የሰማሽውን ንገሪኝ።»

«የሰማሁትማ ሕፃን ሲጠባ ነው።»

ከዚያ ጫማውን እያንኳኳ ሄደ። አባይነሽ በርጩማዋ ላይ ተመልሳ ተቀመጠች።

አይናዲስ ከሁሉም ኋላ ወጣች። «እትዬ፣ ሰምተዋል?»

«የሰማሁት የለም» አለቻት ሳታያት። ቆየት ብላም፣ «ድምፃችሁን ግን ቀንሱ። እግዜር እንደሆነ አልደነቆረ» አለች።

ከዚያ በኋላ አባይነሽ እንቅልፍ አጣች። መኪና ደጇ አጠገብ ፍጥነት በቀነሰ ቁጥር ትነሣለች። ሴቶቹ ቢያዙ እሷን አሳልፈው እንደማይሰጧት በምን ታውቃለች? ሴቶቹም ካሣሁን ዘንድ ስትጠራ ፊታቸው ይገረጣል። ካሣሁን አምኗት ይሁን ነገሩን ትቶት የሚያውቅ የለም። ያም ሆነ ይህ ክፍሉን ለሴቶች ቀን በዓል ከድርጅቱ የሥራ ፍሬዎች አንዱ ብሎ ለበላዮቹ አስታውቋልና፣ መልሶ መዝጋት አልሆነለትም።

ያን መስኮቱ የተቀባበት ዓርብ፣ እማማ የሺዓለም እግራቸውን ወለም ብሏቸው፣ ሕፃኗን ጎረቤት አምጥታ ለእናቷ ጥላላት ሄደች። ቀኑ የሕፃኗ የክትባት ቀን ነበር። ለበዓሉ የሚለበሰው ልብስ ገና ስላላለቀ ሰፊዎቹ ከመኪናቸው እንዳይነሡ ታዟል። አይናዲስ ሕፃኗን አቅፋ ወደ መቁረጫው ጠረጴዛ መጣች።

«እትዬ፣ አራት ኪሎ ጤና ጣቢያ ድረስ ይወስዱልኛል?»

ዓለምጸሃይ የአይናዲስን ቀሚስ ጎተተች። «አብደሻል? ለማን እንደምትሰጪ አታውቂም?»

«አውቃለሁ» አለች አይናዲስ። «የምሰጣት ለእሳቸው ነው።»

አባይነሽ መቀሷን አስቀምጣ አይናዲስን ትክ ብላ አየቻት፤ ነገሩ ፈተና ይሁን ሌላ መለየት አቃታት። «ዓይኔንስ አትፈሪም?»

«አዝለዋት ነው የሚሄዱት፤ በጀርባዎ ያያሉ እንዴ?»

አባይነሽ ሳቋ አመለጣት። ሕፃኗን አዘለቻት፤ ማዘያው አልቋጠር ስላላት ያጠበቀችላት ዓለምጸሃይ ናት። ከፒያሳ ቁልቁል ወርዳ፣ ራስ መኮንን ድልድይን ተሻግራ፣ ዳገቱን ቀስ እያለች ወጣች። ጤና ጣቢያው ደርሳ ተሰለፈች። ነርሷ «እናትየዋ እርስዎ ነዎት?» ስትላት «ለዛሬ» አለች። መርፌው ሲገባ የሕፃኗን እግር ያዘች፤ ስታለቅስም እያባበለች በመጣችበት መንገድ ተመለሰች።

የማጥቢያ ክፍሉ በር ተዘግቶ ነበር። አንኳኳች።

«ማነው?» አሉ ከውስጥ፣ ደንግጠው።

«እኔ ነኝ።»

መቀርቀሪያው ተከፈተ። ማዘያውን ፈትታ ሕፃኗን ለአይናዲስ ሰጠቻት። «ተወግታለች። ማታ ትንሽ ብታተኩስ አትደንግጪ፤ ቀጣዩ ከፋሲካ በኋላ ነው ብለዋል» አለቻት። ከዚያም ብሩሹን አንሥታ ወደ መስኮቱ አለፈች፤ ውጪ ያላት የለም።