አጎቴ የበደለው ሴንሰር

አጎቴ ዕድሜውን ከመኪና ሥር ተኝቶ የጨረሰ መካኒክ ነበር። ጋራዡ ውስጥ «ችኮ» ይሉታል፤ አንዴ «እንዲህ ነው» ካለ በክሪክም አይነሣም። ካረፈ ዓመታት አልፈዋል። ሳስታውሰው ግን ከሁሉ ቀድሞ የሚመጣብኝ የአንዲት ሾፌር ፒክአፕ ነው።

ሴትዮዋ ለአንድ ሆቴል አትክልት ታመላልሳለች። መኪናዋ አውቶማቲክ ናት፤ ሦስተኛ ማርሽ ላይ ተቸንክራ አልቀይር ስትላት ይዛት መጣች። አጎቴ የመመርመሪያውን ኮምፒውተር ሰካ። የካምቢዮ ዘይት ሙቀት ሴንሰር ላይ ችግር አለ አለው። «ሞቷል» ብሎ ቀየረው፤ መኪናዋም ሄደች።

በሦስተኛው ቀን ተመለሰች።

«ጋሼ፣ ያው ናት! ዳገት ላይ ከነቲማቲሜ ልቀር ነበር እኮ።»

«ሴንሰሩ አዲስ ነው። እንግዲህ ካምቢዮው ራሱ ነው፤ መውረድ አለበት።»

«ስንት ቀን?»

«አንድ ወር።»

«አንድ ወር ከቆምኩማ ሆቴሉ ሌላ ሰው ይይዛል። በቃ፣ እንጀራዬን ነው ያወረድከው።»

አጎቴ ቁልፏን ተቀብሎ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠና «እዚሁ ትደር፤ ጠዋት ሞተር ሳይነሣ ልያት» አለ።

በማግስቱ ሴትዮዋና ያኔ እሱ ጋ እሠራ የነበርኩት እኔ ቆመን እያየን ኮምፒውተሩን ሰካ። ዘይቱ መቶ ሃምሳ ዲግሪ ሞቋል ይላል። መዳፉን ካምቢዮው ላይ አሳረፈ፤ እንደ ድንጋይ ቀዝቅዟል።

«ይሄ እንቁላል ይቀቅላል ነው የሚለው» አለ።

«ላምጣ እንዴ?» አለች፣ ሳትስቅ።

ሴንሰሩ ዘይቱ ሲቀዘቅዝ ኤሌክትሪክን አጥብቆ ይይዛል፤ ሲሞቅ ይለቃል። የመኪናዋ ኮምፒውተር ሙቀቱን የሚያውቀው በዚህ ነው። ዘይቱ ፈላ ብሎ ካመነ ካምቢዮው እንዳይቃጠል ማርሽ ይከለክላል። አጎቴ የሴንሰሩን ሶኬት ነቀለ። ያኔ መስመሩ ተቋርጦ ኤሌክትሪክ ምንም ስለማያልፍ ንባቡ ከዜሮ በታች አርባ መውረድ ነበረበት። አልወረደም፤ አሁንም መቶ ሃምሳ። ሴንሰሩ በሌለበት የሚዋሽ ሽቦው ብቻ ነው።

ከሥሯ ገብቶ ሽቦውን በጣቱ ተከተለው። አንድ ብረት ላይ ሲታሽ ኖሮ ልባሱ ተልጦ መዳቡ ብረቱን ነክቷል። ኤሌክትሪኩ በዚያ በኩል እንደ ልቡ ሲያልፍ ኮምፒውተሩ ዘይቱ የሞቀ ይመስለዋል። ፈቀቅ ሲያደርገው ቁጥሩ ወዲያው ወረደ። ሴንሰሩን በቀየረ ዕለትም እጁ ሳያውቅ ሽቦውን ገፍቶት ኖሯል፤ ለሁለት ቀን የዳነችው በዚያ ነው።

ሽቦውን ጠግኖ በናስትሮ ጠቀለለው፤ እዚህ ላይ ዝም ማለት ይችል ነበር። እሱ ግን የጣለውን አሮጌ ሴንሰር ከቆሻሻ ቆርቆሮው ፈልጎ አወጣ። ከቴስተር ጋር አገናኝቶ ብርጭቆ ሙቅ ውሃ ውስጥ ነከረው። ኤሌክትሪክ የሚይዝበት መጠን፣ ኦሙ፣ ሲሞቅ ቀስ እያለ፣ ሳይዘል ወረደ። ደህና ነው።

«የኔ እህት» አለ፣ ብርጭቆውን እንደያዘ። «ይሄ አልሞተም ነበር። ሳልመረምር ፈረድኩበት። ትናንትም ያንቺን ጤነኛ ካምቢዮ ላወርድ ነበር። ጥፋቱ የኔ ነው።»

እሱ «ጥፋቱ የኔ ነው» ሲል ስሰማ የመጀመሪያዬ ነበር። እሷ ቁልፏን ከጠረጴዛው አነሣች።

«አራተኛ ይገባልኛል፣ አይገባልኝም?»

«ይገባል።»

«እንግዲያው ልሂድበት፤ ቲማቲም ይቅርታ አይሰማም።»

ከበሩ ወጥታ ዳገቱን ያዘች። አጎቴ ብርጭቆውን ሳያስቀምጥ መንገዱ ዳር ቆሞ የሞተሩን ድምፅ ያዳምጥ ጀመር። አንደኛ። ሁለተኛ። ሦስተኛ ላይ ትንፋሹን ያዘ። አራተኛው ሲገባ እኔም ሰማሁት።