ሲሚንቶው ይድረቅ ያሉት አያ ተገኘ

በጎንደርና በዙሪያዋ ስንቱን ግቢ ከጭቃ ያወጡት፣ የስታምፕ ኮንክሪት ባለሙያው አያ ተገኘ ባለፈው ማክሰኞ ረፋድ ላይ ከዚህ ዓለም ድካም ዐርፈዋል። መርዶው የደረሰኝ አዘዞ፣ አንድ በረንዳ ላይ ሲሚንቶ አፍስሰን ልናትም ስንሰናዳ ነው። ወደዚያ በረንዳ ኋላ እመለሳለሁ። አስቀድሜ ግን ለምታውቋቸው ሁሉ ስለ እርሳቸው ላውጋችሁ።

አይከል ተወልደው፣ ጎንደር ድንጋይ ሲጠርቡ የኖሩ ሰው ነበሩ። ስታምፕ የሚባለው ሥራ ሲመጣ ሌላው ጠራቢ አኮረፈ። እርሳቸው ግን «ድንጋይ የሚመስል ነገር ከመጣ ድንጋይ የሚያውቅ ይሥራው» ብለው ገቡበት። ሥራው ባልደረቀ ኮንክሪት ላይ ቅርጽ ያለው ላስቲክ አንጥፎ፣ በከባድ መጠቅጠቂያ እየመቱ የድንጋይ ንጣፍ ማስመሰል ነው። ሰዓቱ ካለፈ አለቀ። አያ ተገኘ ግን ሰዓት አያዩም፤ አውራ ጣታቸውን ጫን ያደርጉና ምልክቱ ታትሞ ከቀረ፣ ጣታቸውም ላይ ካልተጣበቀ «በሉ፣ ደርሷል» ይላሉ። ሰባት ዓመት አብሬያቸው ስሠራ ያችን ጣት መኮረጅ አቃተኝ። «ምነው አንቺ ብርቄ፣ ትቆነጥጪዋለሽ እንዴ? ቀስ!» እያሉ ይስቁብኝ ነበር።

የተጣላንበትን ቀን ልናገር። ወይዘሮ ስንዱ የሚባሉ አዛውንት ዳሌያቸው ተሰብሮ ከዳኑ በኋላ፣ የግቢያቸው ጭቃ አላስኬድ ብሏቸው ክረምቱን ቤት ተዘግተው ከረሙ። «ሰው ሳይደግፈኝ እስከ በሬ ልድረስ፤ ሌላ አልፈልግም» ነበር ያሉን። አያ ተገኘ መንገዱን ያለ ደረጃ፣ በዝግታ አዘንብለው አወጡት። እኔ ላዩን የሚያብረቀርቅ ቅባት እንቀባው ብል «ያንሸራትታቸዋል፤ እሳቸው ዳንስ ቤት አይደለም የሚሄዱት!» ብለው ከለከሉኝ።

ሲሚንቶው ፈስሶ ግማሹን እንዳተምን፣ ከአጥሩ ወዲያ ኡኡታ ተሰማ። ጎረቤት ሞቶ ነው። አያ ተገኘ መጠቅጠቂያውን አስቀመጡ። «ለቅሶ አጠገብ ድብ ድብ አይባልም» አሉና ላስቲኩ ላይ ተንበረከኩ። እኛም ተንበርክከን፣ በገዛ ክብደታችን ያለ ድምፅ እናትም ጀመር። ትንሽ ቆይቶ አንዲት ሴት በሩ ላይ ቆማ «ድንኳን የሚተክል ሰው አጣን» አለች። እርሳቸው ብድግ!

«ምነው አያ! አንድ ሰዓት ብቻ! የሞተ አይነሣም፣ ሲሚንቶው ግን ይደርቃል!» ብዬ ጮኽኩ።

ቀና ብለው አዩኝ። «ይድረቅ። ሲሚንቶ በመሮ ይመለሳል። የቀረሁበትን ለቅሶ በምን ልመልሰው?»

ሁሉም ተከተላቸው። እኔም በንዴት እየተቃጠልኩ ሄድኩ። ስንመለስ በሩ አጠገብ ያለው የመንገዱ ክፍል ልሙጥ እንደሆነ ደርቆ ጠበቀን። በማግስቱ አያ ተገኘ መሮና መዶሻ ይዘው መጡ፤ ያችን ቦታ በእጃቸው መስመር በመስመር ይፈለፍሏት ጀመር። ሦስት ቀን ፈጀባቸው። የመጀመሪያውን ቀን አኩርፌ ዋልኩ፤ በሁለተኛው አፈርኩና እኔም መሮ አነሣሁ።

ጊዜው ደርሶ ወይዘሮ ስንዱ ምርኩዛቸውን ይዘው ወጡ። ማንም አልደገፋቸውም። በመሮ የተፈለፈለው ጋ ሲደርሱ ቆም ብለው «ይሄኛውስ ከሁሉ ሸጋ ነው፤ ምርኩዜን ያዝ ያደርግልኛል» አሉ። ከዚያ በሩን ይዘው መንገዱን ሲያዩ፣ አያ ተገኘ ፊታቸውን አዙረው ዓይናቸውን ጠረጉ። «አቧራ ነው» አሉኝ። እኔ ራሴ ውሃ አርከፍክፌ ባጠብኩት ግቢ የምን አቧራ!

ማክሰኞ ዕለት የአዘዞው የበረንዳ ባለቤት ስልኬን ስዘጋ ፊቴን አይተው ደነገጡ። ገና የፈሰሰውን ሲሚንቶ እያሳዩኝ «ይሄስ ታዲያ?» አሉ። «ይድረቅ» አልኩና ወጣሁ።

አያ ተገኘ፣ ያን ቀን ስለ ጮኽኩብዎት ይቅርታ ሳልጠይቅ ቀረሁ፤ ይቆጨኛል። ድንኳንዎን ከተከሉት አንዷ ነኝ፤ ሴት አትተክልም ያለኝን አልሰማሁትም። ወይዘሮ ስንዱም መጥተው ነበር፤ በዚያው መንገድ፣ ማንም ሳይደግፋቸው እስከ በራቸው ወጥተው በባጃጅ ደረሱልዎት። በረንዳው ደርቋል። ባለቤትዎ መሮዎን ሰጥተውኝ ከትናንት ጀምሮ ተንበርክኬበታለሁ። ገና ሁለት ቀን ይቀረኛል። እርስዎ ይረፉ፤ አንድም መስመር ሳልዘል እጨርሰዋለሁ።