የዢኔት አሮጌ ካርድ

ኦርቪል ኒዬሚ የቤት ማሞቂያ ጠጋኝ ነው። ከተማችን ሰድበሪ ላይ ብርዱ ከዜሮ በታች ሠላሳ ሲገባ ስልኩ አያርፍም። ደንበኞቹ «ማሞቂያው አርጅቷል፤ አዲስ እንግዛ ይሆን?» ሲሉት አንድ መልስ አለው፦ «ከመቀየራችሁ በፊት የአየር ማጣሪያውን እዩ።» ከአሥር ቤት በሰባቱ ማሞቂያው ደህና ነው፤ አቧራ ያፈነው ማጣሪያ ነው ጉዱ። አዲስ ማሞቂያ መሸጥ ሲችል ማጣሪያ አራግፎ የሚወጣ ሰው ነው። ይህን አስቀድሜ የምጽፈው ቀጥሎ የምነግራችሁን የሠራው ሌባ እንዳይመስላችሁ ነው።

ቅዳሜ ቅዳሜ ጠዋት አራት ሆነን የኮምፒውተር ጨዋታ እንጫወታለን፤ ቡድን ከቡድን የሚታኮስበት። ሌላ ጊዜ ሁላችንም ከየቤታችን ነን፤ የወሩ የመጨረሻ ቅዳሜ ግን ማሽኖቻችንን በብርድ ልብስ ጠቅልለን በረዶ ላይ ድንጋይ እያንሸራተቱ የሚጫወቱበት የከርሊንግ ክለብ ፎቅ ላይ እንሰበሰባለን።

በጨዋታው ከሁላችን ቀድሞ የሚሞተው ኦርቪል ነው። ሁልጊዜ።

«ማሽኑ ነው!» ይጮኻል። «ተንቀራፈፈብኝ እኮ! ሰውየው ሲታየኝ እኔ ሬሳ ሆኛለሁ!»

«ማሽኑ ነው ወይስ መነጽሩ?» ትላለች ዢኔት። ዢኔት የጥርስ ሐኪም ቤት እንግዳ ተቀባይ ናት፤ በቡድናችን ከሷ የፈጠነ እጅ የለም።

«ተዪው በናትሽ፤ ሽማግሌ አይነካም» ይላል ሬዣን። እሱ ራሱ ከኦርቪል በአሥራ ሁለት ዓመት ይበልጣል፤ ከኒኬል ማዕድኑ ጡረታ ከወጣ ስድስት ዓመቱ ነው።

እኔን ፕሮፌሰር ይሉኛል። ማስተማር የሚባል ነገር ነክቼ አላውቅም፤ ማብራራት ከጀመርኩ ስለማላቆም ነው።

አንድ ልማድ አለን። ከመካከላችን አዲስ የምስል ካርድ የገዛ ሰው አሮጌውን አይሸጥም፤ ማሽኑ ከሁሉ ደካማ ለሆነው ይሰጠዋል። የምስል ካርድ ማለት ኮምፒውተሩ ውስጥ ሆኖ የጨዋታውን ሥዕል የሚሥለው ክፍል ነው። ደካማው ማን እንደሆነ በክርክር አንወስንም፤ እንለካለን። መለኪያው ደግሞ ደስ የሚል ነው! ስክሪኑ ላይ ሲሮጥ የምታዩት ሰው በእርግጥ አይሮጥም፤ ተከታታይ ሥዕሎች በፍጥነት እየተቀያየሩ ነው ዓይናችሁን የሚያታልሉት። በሴኮንድ ስንት ሥዕል ወጣ ብሎ መቁጠር ነው። መቶ ከወጣ እንደ ውኃ ይፈሳል፤ ሠላሳ ከወጣ እንደ አንካሳ ይጎተታል። ሁላችንም በሁላችን ፊት አንድ ዓይነት ፈተና እናስኬድና ቁጥራችንን ወረቀት ላይ እንጽፋለን፤ ትንሹ ቁጥር ካርዱን ይወስዳል። ደንቡን ያወጣሁት እኔ ነኝ፤ እኮራበትም ነበር።

በጥር ዢኔት አዲስ ካርድ ገዛች። የሬዣን ማሽን ልጁ ኮሌጅ ሳለች የተጠቀመችበት ነው፤ በመስከረም ቤቱ ሄጄ ስለካው ሠላሳ ስምንት ነበር። የኦርቪል ከተገዛ ሁለት ዓመቱ ነው፤ ከዚያ ወዲህ ካርድ የቀየረ ስላልነበረ ተለክቶ አያውቅም። ተራው የሬዣን እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን። ኦርቪል ግን «የኔን ብታዩት ታለቅሳላችሁ» ማለቱን አልተወም።

ከመሰብሰባችን በፊት ረቡዕ ከሰዓት ደወለልኝ።

«ፕሮፌሰር፣ ካርዱ ቢደርሰኝ ማሽኔ ይሸከመዋል? ወይስ ይቅርብኝ?»

እንዴት ያለ ጥሩ ጥያቄ ነው! ብዙ ሰው ገዝቶ ነው የሚጠይቀው። ሜትሬን ይዤ ሄድኩ። መጀመሪያ ሳጥኑን ለካሁ፤ ካርዱ ይገባል። ኤሌክትሪክ የሚሰጠው ክፍል ላይ የተጻፈውን አነበብኩ፤ ይበቃል። ከዚያ አሁን ያለውን ቁጥር ለማወቅ ፈተናውን አስኬድኩ። ሠላሳ አንድ።

እዚህ ላይ ግራ ገባኝ። በውስጡ ያለው ካርድ ሠላሳ አንድ ብቻ የሚያወጣ አይደለም። ባትሪ ይዤ ጠረጴዛው ሥር ገባሁ።

የኮምፒውተር ጀርባ ላይ የስክሪን ገመድ የሚሰካባቸው መልካቸው አንድ የሆነ ቀዳዳዎች አሉ። የላይኛው ክፍሎቹ ሁሉ የተሰኩበት የዋናው ሰሌዳ ነው፤ የታችኛው የምስል ካርዱ። ገመዱ ላይኛው ላይ ከተሰካ ስክሪኑ ይሠራል፤ ስለዚህ ማንም አይጠረጥርም። ሥዕሉን የሚሥለው ግን ዋናው ሰሌዳ ላይ ያለ ደካማ ረዳት ነው። ካርዱ እጁን አጣጥፎ ተቀምጧል። የኦርቪል ገመድ የተሰካው ላይኛው ላይ ነበር።

ነቅዬ ታችኛው ላይ ሰካሁትና ፈተናውን ደገምኩ። መቶ አሥራ ስምንት።

«ኦርቪል! ሁለት ዓመት ሙሉ!» አልኩ፤ በደስታ እየሳቅሁ። አልሳቀም። ከአንገቱ ጀምሮ እስከ ጆሮው ቀላ። ወንበሩን ስቦ አንድ ዙር ተጫወተ፤ መጀመሪያ ሞተ። ሁለተኛ ዙር፤ መጀመሪያ ሞተ። ሦስተኛ። ሥዕሉ እንደ ውኃ ይፈስ ነበር።

«ለማንም እንዳትናገር» አለኝ፣ ዓይኑን ከስክሪኑ ሳያነሳ።

«አልናገርም።» ቃል የገባሁት ቅዳሜ ራሱ «ለሬዣን ይሁን» ይላል ብዬ ነው።

ቅዳሜ ሬዣን አንድ ካርቶን ዶናት ይዞ ከሁላችን ቀድሞ መጥቶ ነበር። ማሽኖቹን ደረደርን፤ ፈተናውን አስኬድን። ሬዣን ሠላሳ ስምንት ጻፈ። ኦርቪል ብዕሩን ተቀብሎ ጎንበስ አለ። ሠላሳ አንድ።

ወረቀቱን አየሁት፤ ስክሪኑንም አየሁት። እውነትም ሠላሳ አንድ ይላል። ገመድ በራሱ ቀዳዳ አይመርጥም። ኦርቪል ቀና ብሎ አላየኝም። እኔም ዝም አልኩ። ቃል ስለገባሁ ነው ብዬ ራሴን ላታልል እችላለሁ፤ እውነቱ ግን ፈርቼ ነው።

«እሺ፣ አሸነፍከኝ» አለ ሬዣን። «ማሽኔ ኩራት ቢሰማው አይገርመኝም። ውሰድ፣ ወንድሜ፤ ለሚቀጥለው እደርሳለሁ።» ዶናቱንም ገፋ አደረገለት።

ዢኔት ካርዱንና መፍቻዋን ይዛ መጣች። «ዞር በል፣ እኔ ልግጠምልህ፤ አንተ በመዶሻ ነው የምትገጥመው።» ማሽኑን አዞረችና ገመዱን ልትነቅል እጇን ሰደደች። ቆመች።

«ኦርቪል።»

«አቤት።»

«ገመድህ የት ነው የተሰካው?» ከዚያ ፈነዳች። «እናንተ! ኑ እዩ! ሰውዬው ሰሌዳው ላይ ነው የሰካው! ሁለት ዓመት ማሽኑ ነው እያለ ሲያደነቁረን!»

ሬዣን እስኪያስለው ሳቀ። «ማጣሪያውን አይተሃል ወይ፣ አንተ ጠጋኝ? አገሩን ሁሉ ማጣሪያ እያስጠረግህ!»

«ክለቡ በር ላይ ይጻፍልን!» አለች ዢኔት። «‹ኦርቪል ኒዬሚ፣ ገመድ መሰካት ያቃተው ጠጋኝ› ብለን!»

አስተውሉልኝ፤ መውጫ ቀዳዳ አግኝቶ ነበር። ካርዱ ለሬዣን ሊሄድ ነው፤ ማንም አልተጎዳም፤ እሱ የዓመቱ ጅል ተብሎ ይቀራል፤ ጅልነት ደግሞ እኛ ዘንድ በአንድ ዙር ሳቅ የሚዘጋ ሂሳብ ነው። አብሮ መሳቅ ብቻ ነበር የቀረው። አፉን ከፈተ፤ የሚስቅ መስሎኝ ነበር።

«ረቡዕ ዕለት አውቄዋለሁ» አለ።

«ምኑን?» አለች ዢኔት፣ ሳቋ ገና ፊቷ ላይ ነው።

«ገመዱን። ረቡዕ ታችኛው ላይ ተሰክቶ መቶ አሥራ ስምንት ወጣ። ዛሬ ጠዋት እዚህ ስሰካው ግን አውቄ ላይኛው ላይ መለስኩት።»

«እኔም አውቅ ነበር» አልኩ። ድምፄ ለራሴ እንኳ በደንብ አልተሰማኝም።

ሬዣን ዶናቱን አስቀመጠ። «ቆይ፣ መቶ አሥራ ስምንት ካለህ ካርዱ ምን ያደርግልሃል?»

ኦርቪል እጆቹን አየ። ወፍራም፣ ጥቀርሻ በየጥፍሩ ሥር የገባ እጆች ናቸው። «ማሽኑ ደህና ከሆነ... የምሞተው በራሴ ድክመት ነዋ። አዲስ ካርድ ቢገባ ‹ገና አልተስተካከለም፣ አልለመድኩትም› እያልኩ አንድ ክረምት እገፋ ነበር።»

ዢኔት ካርዱን አንስታ ወደ ሬዣን ማሽን ሄደች። ኦርቪል ባትሪ ይዞ ሊያበራላት ተከተላት፤ «አይ፣ ይታየኛል» አለችው፣ በጨዋ ድምፅ። ዢኔት ኦርቪልን በጨዋ ድምፅ ስታናግረው ሰምቼ አላውቅም።

የሬዣን ቁጥር ሰማንያ አራት ሆነ። አጨበጨብን፤ ኦርቪልም አጨበጨበ። ወደ ቤቱ ይሄዳል ብዬ ነበር፤ አልሄደም። ገመዱን ታችኛው ቀዳዳ ላይ ሰክቶ ቦታው ተቀመጠ፤ እስከ አሥር ሰዓትም ተጫወተ። አሥራ አንድ ዙር ተጫወትን፤ አሥራ አንዱንም መጀመሪያ የሞተው እሱ ነው። በሞተ ቁጥር እጁን ከማውሱ ላይ አንስቶ ይጠብቃል። እኔም እጠብቃለሁ፤ አንድ ሰው ስለ መነጽሩ ወይም ስለ ዕድሜው የሆነ ነገር እንዲወረውርበት። ያን ቀን ግን በኦርቪል ላይ ያሾፈ ሰው አልነበረም።